የቲም ተማሪ፣ የትምህርት ዕዳና የምሩቅ ደመወዝ



የቲምን ማሳደግ ምግብና ልብስ በማሟላት ብቻ የሚፈጸም አደራ አይደለም። ልጁ ሁለተኛ ደረጃን አጠናቅቆ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሲደርስ አሳዳጊውን ሌላ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የብድር ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ወጣቶች የሚመኙትን የኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ትምህርት ምሳሌ አድርገን፣ ዕዳው ከሚጠበቀው ገቢ ጋር እንዴት እንደሚመዘን እንመለከታለን።

ሕጉ ለየቲም የሚፈቅደው

በአሜሪካ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚጠየቀው «ፋፍሳ» በሚባለው ቅጽ ነው። ሁለቱንም ወላጆቹን በሞት ያጣ ተማሪ በዚህ ቅጽ ላይ «ራሱን የቻለ» ተብሎ ይመዘገባል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። በሸሪዓ የቲም የሚባለው አባቱን ያጣ ልጅ ሲሆን፣ ቅጹ ግን የሁለቱንም ወላጆች ሞት ይጠይቃል። እናቱ በሕይወት ያለች ተማሪ በአባቱ ሞት ብቻ ራሱን የቻለ አይባልም።

ራሱን የቻለ መባል ሁለት ውጤቶች አሉት። አንደኛ፣ የአሳዳጊው ገቢ ስለማይቆጠር ተማሪው የማይመለሰውን የፔል ድጎማ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። የዚህ ድጎማ ከፍተኛ መጠን በ2025/26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ሁለተኛ፣ የብድር ጣሪያው ከፍ ይላል። በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ እስከ 27,000 ዶላር ከመንግሥት ሲበደር፣ ራሱን የቻለው እስከ 45,000 ዶላር መበደር ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ድጎማውና ብድሩ በአንድ ደብዳቤ ተጽፈው ስለሚመጡ ሁለቱም ስጦታ ይመስላሉ። የ18,000 ዶላሩ ልዩነት ግን ለየቲም የተደረገ ችሮታ ሳይሆን በትከሻው ላይ ሊጫን የሚችል ተጨማሪ ዕዳ ነው።

የዕዳው ልክ

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 እስከ ሰኔ 2026 ለተሰጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ብድሮች ወለዱ በዓመት 6.39 በመቶ ነው። በዚህ ወለድ 45,000 ዶላር በ10 ዓመት ይከፈል ቢባል፣ የወሩ ክፍያ 508 ዶላር ገደማ፣ ጠቅላላው ደግሞ 61,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከብድሩ ከግማሽ የሚበልጠው ክፍል ገና ተማሪው ክፍል ውስጥ ሳለ ወለድ ስለሚቆጥር፣ እውነተኛው ዕዳ ከዚህም ከፍ ይላል።

ከየትኛው ደመወዝ ጋር ይመዘን?

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የኮምፒውተር ሃርድዌር መሐንዲሶች መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 155,020 ዶላር መሆኑን አስፍሯል። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራውም ተቆጥሯል። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሰንጠረዥ የዚህ ትምህርት አዲስ ምሩቃን መካከለኛ ደመወዝ 80,000 ዶላር ነው። በዚያው ሰንጠረዥ 7.5 በመቶ የሚሆኑት አዲስ ምሩቃን ሥራ ያላገኙ ናቸው። ይህም ከብዙ የትምህርት ዘርፎች የከፋ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ መቀመጥ ያለበት በመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ነው። 80,000 ዶላር የሚያገኝ ምሩቅ፣ እንደ ክፍለ ግዛቱ ቢለያይም፣ ከግብር በኋላ በወር 5,000 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ 508 ዶላር አንድ አሥረኛ ነውና ይቻላል። ትምህርቱን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያቋረጠ ልጅስ? ኢንጂነሪንግ በሒሳብና በፊዚክስ ብዙዎችን የሚጥል ትምህርት ነው። ያቋረጠው ልጅ የተበደረውን ያህል ዕዳ ይዞ ይወጣል፤ የምሩቁን ደመወዝ ግን አያገኝም። ወላጅ ያለው ልጅ ሲወድቅ የሚመለስበት ቤት አለው። የቲሙ ግን ይህ ላይኖረው ስለሚችል፣ አሳዳጊው ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ምን ይደረግ?

ብድሩ ወለድ ያለበት መሆኑ ለሙስሊም ቤተሰብ ከሒሳቡ የሚቀድም ጉዳይ ነው። ብይኑን ለዑለሞች እንተወዋለን። ወለድ የሌለበትን መንገድ አስቀድሞ አሟጦ መፈለግ ግን የሁላችንም ግዴታ ነው። ለዚህም የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ፋፍሳን በወቅቱ መሙላትና ድጎማውን ከብድሩ ለይቶ ማንበብ። የቀረበውን ብድር ሁሉ መቀበል ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ክፍያው በሚቀንስበት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መማር። ለምሳሌ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት «አድቫንስ» የተባለ የመሸጋገሪያ ፕሮግራም አለ። ሆኖም የሚወሰዱት ኮርሶች ለኢንጂነሪንግ የሚቆጠሩ መሆናቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

ሦስተኛ፣ ከግል ባንክ ለሚወሰድ ብድር ዋስ ሆኖ ከመፈረም መጠንቀቅ። ተማሪው መክፈል ቢያቅተው ዕዳው ወደ ፈራሚው ይዞራል።

አራተኛው ለጋሾችን ይመለከታል። የቲሙ 18 ዓመት ሲሞላው ድጋፉን ማቋረጥ የተለመደ ነው። ሆኖም በትምህርቱ መግቢያ ላይ የተሰጠ 10,000 ዶላር፣ ሰደቃም ይሁን ቀርድ ሐሰን፣ ከላይ በጠቀስነው ወለድ በ10 ዓመት 13,500 ዶላር ገደማ ሊከፈልበት የነበረን ብድር ያስቀራል። ከምረቃ በኋላ ዕዳ ላጎበጠው ወጣት ከማዘን፣ ዕዳው ሳይጻፍ መድረስ ይበልጣል።

ወላሁ አዕለም።