ካሳ፦ እንባ ማበሻው ስም

በነርስነት ዘመኔ የክትባት ካርድ ስሞላ «ስሙ ማነው?» ብዬ «ካሳ» ከተባልኩ፣ እናትየዋን ቀስ ብዬ «ከዚህ በፊት የሞተብሽ ልጅ አለ?» እላት ነበር። ብዙውን ጊዜ አለ። ካሳ ለጠፋው ምትክ፣ ለጉዳት ማካካሻ ማለት ነውና። ምትኩና ማስረሻም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

ስሙ ዙፋን ላይ የወጡ ሰዎችም ስም ነበር። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ካሳ ኃይሉ፣ በ1864 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደግሞ ካሳ ምርጫ ይባሉ ነበር። ራስ ካሳ ኃይሉም በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ጣሊያንን ተዋግተዋል።

አንዲት እናት ግን «ካሳ ብለውታል፤ እኔ የፊተኛውንም አልረሳሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሕፃን የሞተባትን ሴት «ሌላ ትወልጃለሽ» ብለን አፏን አናስይዛት። ታልቅስለት፤ ስሙንም ታንሳው። አዲሱን ልጅ ደግሞ ስለ ራሱ እንውደደው።