ፓፍ፦ የአስም ፈጥኖ ደራሽ

በመስከረም 21 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም የወጣ ሰው የአምባሰልን አቀበት አይረሳውም። ጤነኛውን እንኳ ያስለከልካል። አስም ያለበትን ደግሞ የማለዳው ብርድ፣ የመንገደኛው አቧራና ድካሙ ተባብረው ደረቱን ይይዙታል። ዳገት ለማይወጣውም ቢሆን በሐይቅና በውጫሌ ዙሪያ ቀስቃሽ አይጠፋም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የአውድማው እብቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የኩበቱ ጭስ አለ።

አስም ሲነሣ የሳንባን የአየር ቧንቧዎች የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። በ1969 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ሳልቡታሞል ጡንቻዎቹን ያላላል። ሰዉ ፓፍ የሚለው ይኸው መድኃኒት በደቂቃዎች ውስጥ ሠርቶ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ሐኪም ካዘዘ፣ አቀበት ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ሊወሰድ ይችላል።

«ፓፍ ከባድ ነው፣ ሱስ ያስይዛል፣ ክኒኑ ይሻለኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። የተለመደው ፓፍ በአንድ ርጭት 100 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ አንድ የሳልቡታሞል ክኒን እስከ 4 ሚሊግራም ይይዛል፤ ይህም የ40 ርጭት ያህል ነው። ክኒኑ በደም ዞሮ ስለሚደርስ የእጅ መንቀጥቀጡና የልብ ድው ድው ማለቱም ይብሳል። ፓፉ ሱስም አያስይዝም።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ፓፍ ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን መቆጣት አያበርድም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። መቆጣቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ፣ ሐኪም ባዘዘው መሠረት ሳይቋረጥ የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ ከተሳበ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል አስምን ስለሚቀሰቅስ ሕመምዎን ለሐኪም አስቀድመው ይንገሩ።

አወሳሰዱም ወሳኝ ነው። ፓፉን ይነቅንቁ፤ አየር ያስወጡ፤ በከንፈር አጥብቀው ይያዙ፤ መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑ፤ በዝግታ ስበው እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽ ይያዙ። ይህ ለሕፃን ስለማይሆን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ይገጠምለታል፤ ልጁ በጠርሙሱ አንገት በኩል ይተነፍሳል። ጤና ባለሙያ ያሳያችሁ።

ታማሚው ፓፍ ወስዶ ካልተሻለው፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ካንቀላፋ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በመንገድ ላይ ፓፉን እየሰጣችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።