በርሜል የምትወድ ትንኝ

ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ትበረታለች፤ እኛ የለመድነው ይህንን ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ድሬዳዋ ውስጥ በደረቁ ወራት ወባ ተቀሰቀሰች። አጥኚዎች ከወረርሽኙ ጋር ያገናኙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ትንኝ ነው። የጥንት አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ሲሆን፣ ጅቡቲ ላይ በ2012፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ደግሞ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ተገኝታለች።

ነባሯ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ የሚያገኘው የዝናብ ኩሬ ላይ ትራባለች። ስቴፈንሲ ዝናብ አትጠብቅም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በየግቢው የቆመው በርሜልና ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመው ውኃም ይበቃታል።

በርሜሉን ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፤ ጥላ ሲያርፍባቸው እጮቹ ወደ ታች ይጠልቃሉ። ጥቂት ታግሳችሁ ስትጠብቁ ለመተንፈስ ይመለሳሉ። ውኃው ላይ ጋደም የሚለው የአኖፌለስ እጭ ነው። ጭራውን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ወገን ትንኝ ነው፤ ምናልባትም ኤዴስ የምትባለው።

ኤዴስም ቀላል አይደለችም። ድሬዳዋን በ2013 በዴንጊ፣ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በቺኩንጉንያ ያመሰችው እሷ ናት። ቀን ትነክሳለች፤ እንቁላሏን ከውኃው ከፍ ብሎ ካለው የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳው በብሩሽ ይፈግፈግ።

በሞቃት አገር እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር የሚፈጅበት ጊዜ ከሳምንት እምብዛም አይበልጥም። «በየሳምንቱ ድፉ» የሚባለው ለዚህ ነው። ውኃ ተሰልፎ ላመጣ ሰው ግን ይህ ምክር ሹፈት ይመስላል። የሚያዋጣው በርሜሉን ገጥሞ በሚዘጋ ክዳን ወይም ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት መሸፈን፣ ውኃው ሊያልቅ ሲልም ከሚቀጥለው ፈረቃ በፊት ፈግፍጎ ማጠብ ነው። የሮቶውን ክዳንና መተንፈሻ አትርሱ። እጭ ገዳይ ኬሚካል ከተፈለገ መጠኑን የጤና ባለሙያ ይወስን።

አጎበር አሁንም ያስፈልጋል። ሆኖም ስቴፈንሲ ከቤት ውጭም ስለምትነክስ፣ ማምሻውን በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው ረጅም እጅጌ ይልበስ። ጭስም ሆነ ፍሊት ለአንድ ምሽት ፋታ ይሰጣል፤ በርሜል ውስጥ የሚያድጉትን አይነካም። ጓሮ የተጣለ አሮጌ ጎማ ካለ ደግሞ ከጣሪያ ሥር ይግባ፤ ውስጡ የሚቀረው ጥቂት ውኃ ለኤዴስ ይበቃታል።