አበባው የሚደምቀው በግድግዳው ነው

ከጎንደር መሀል ከተማ ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዘዞ፣ ዐፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632 የነገሡት) ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ አሠርተው ነበር። ከዚያ ሕንፃ ከተረፉት ድንጋዮች መካከል አበባ የተቀረጸባቸው አሉ። ዛሬ ስናያቸው አበባውም መደቡም ያው አንድ የድንጋይ ቀለም ነው፤ ሆኖም ቅጠሉ ከቅጠል ተለይቶ ይታያል። አበባውን ለዓይን ያወጣው ፀሐይ በጠርዙ ላይ የምትጥለው ጥላ ነው።

ቤታችን የአበባ ሥዕል ስንሰቅል ብዙዎቻችን የምንጨነቀው «ቀለሙ ከቀለሙ ይሄዳል ወይ?» ብለን ነው። የአዘዞ ድንጋዮች ግን ቀድሞ ሌላ ነገር መጠየቅ እንዳለበት ያሳያሉ፦ አበባው ከግድግዳው የበለጠ ብሩህ ነው ወይስ የጠቆረ? ዓይናችን ቀለም የሚለይባቸው ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉት። አንጎል ከእነርሱ የሚደርሰውን መረጃ ሲያሰላ የቅርጽን ዝርዝር፣ ማለትም የቅጠሉን ጠርዝና የግንዱን መስመር፣ በዋናነት የሚያነበው ከብርሃንና ከጥላ ልዩነት ነው። ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ የሚለው መረጃ ለጥቃቅን ዝርዝር ደካማ ነው። ስለዚህ ቀይ ጽጌረዳ እኩል በጠቆረ አረንጓዴ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቀለሞቹ የቱንም ያህል ቢለያዩ ጠርዙ ዓይንን ይረብሻል፣ ይንቀጠቀጣልም።

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ሥዕሉን በግድግዳው ላይ ደግፎ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ፎቶውንም ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ይበቃል። አበባው ከግድግዳው ጋር አንድ ግራጫ ሆኖ ከጠፋ ሥዕሉ ሌላ ግድግዳ ይፈልጋል፤ አለዚያም ሰፋ ያለ ነጭ ጠርዝ።

የቀለም ጉዳይ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ እርሱም አስደናቂ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩዤን ሼቭረል በፓሪስ የጎብላን ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳሉ፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ይደርሳቸው ነበር። ክሩን ሲመረምሩ እንከን አላገኙበትም። ያደበዘዘው ጎኑ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክር ነበር። ይህን መነሻ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ማንኛውም ቀለም ጎረቤቱን ወደ ተቃራኒው እንደሚገፋ አስረዱ።

ይህ ሕግ በሳሎናችን ዕለት ተዕለት ይሠራል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሥዕሉን ወደ ቀይ ይገፋል፤ ፈዛዛው ሮዝ ይቀላል፣ የሥዕሉ ቅጠሎች ግን ወዛቸውን ያጣሉ። ሰማያዊ ግድግዳ ቢጫን ያነድደዋል። አደይ አበባን በመስከረም ሰማይ ሥር ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። በጭቃ ቀለም፣ ቡናማ በሆነ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰማያዊና ወይን ጠጅ አበባ ይጎላል። ሮዝ ግድግዳ ላይ ሮዝ አበባ መስቀል ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሁለቱንም መበደል ነው።

ልጆች ለእንቁጣጣሽ ሥለው የሚያድሉት የአበባ ሥዕል በየትኛውም ግድግዳ ላይ የሚያምረው ያለ ምክንያት አይደለም። አበባው ዙሪያ ያልተቀባው የወረቀት ነጭ የግድግዳውን ቀለም ከአበባው ያርቃል። ውድ ፍሬም የሚሠራውን ሥራ ባዶ ወረቀት ሲሠራው ማየት ደስ ይላል። ያን ነጭ ቆርጠው የሚጥሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሌላው መብራቱ ነው። ቀን በመስኮት ብርሃን የተመረጠ ሥዕል ማታ ሌላ ሊሆን ይችላል። ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አምፖል ቀዩንና ብርቱካናማውን ያቀዘቅዛል። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲበራ ደግሞ የሻማው ብርሃን ራሱ ቢጫ ስለሆነ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ፈዛዛ ቢጫ አበባ ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል። ቤተሰቡ የሚሰበሰበው ማታ ከሆነ ሥዕሉም ማታ ይመረጥ።

ቦታውን ለመምረጥ፣ እንደ ጎንደር ባለ ከፍታማ ከተማ ለሚኖር ሰው ፀሐይዋን ማወቅ ይጠቅማል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በርካሽ ህትመት ውስጥ ቀዩና ቢጫው ቀለም በጨረር ቶሎ ይበላሉ፣ ሰማያዊው ይቆያል። የሱቅ መስኮት ላይ የቆየ ፖስተር ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። በእኛ አገር የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች የጣሪያው ክፈፍ ይከላከላታል፤ ወደ ቤት ዘልቃ የምትገባው ጠዋት በምሥራቅ፣ ወደ ማታ በምዕራብ መስኮት ነው። እንግዲህ ሥዕሉ ከእነዚህ መስኮቶች ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ይልቅ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ወይም በጎን በኩል ቢሰቀል ዕድሜው ይረዝማል። ተራ የፍሬም መስታወት ከጨረሩ የተወሰነውን ብቻ ስለሚያስቀር በእርሱ ብቻ መተማመን አይቻልም።