ለደጋ አጋዘን የሚመጥን ጥይት

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የደጋ አጋዘንን የሚያውቀው በአሥር ሳንቲም ላይ ነው። ኒያላ በሚለው ስሙ ደግሞ ሲጋራም ኢንሹራንስም ተጠርቶበታል። እንስሳው ራሱ ግን ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ባገኘው ናሙና መነሻነት ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 በሳይንስ መዝገብ አሰፈረው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠምዛዛ ቀንዱም ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በባሌ ተራሮች፣ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ፣ በአስታ ቁጥቋጦና በኮሶ ዛፍ መካከል ይውላል።

እዚያ ባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይታደንም። ከፓርኩ ውጭ እንደ ሙኔሳና ኦዶቡሉ ባሉ የተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ግን በፈቃድ ያረጀ ወንድ ይታደናል። የሰሜኑን ዋልያ የሚያስብ ካለ ይተወው፤ እሱ ፈጽሞ አይነካም።

ስለ ጠመንጃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዳገት ላይ ስለሚነገት ቀላል፣ ብርድና ጭጋግ የማይበግረው፣ ጥሩ መነጽር የተገጠመለት ይሁን።

ጭቅጭቁ ያለው ጥይቱ ላይ ነው። «ጥይት ያው ጥይት ነው» የሚል ሰው እስራኤል አገር ርሖቮት ካለ፣ እዚያው ከተማው ውስጥ ያለውን አያሎን ኢንስቲትዩት ይጎብኝ። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1948 ልብስ ማጠቢያና ዳቦ ቤት ሥር በተደበቀው በዚህ ፋብሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ ባለ 9 ሚሊሜትር ጥይት ተሠርቷል። ለስቴን መሣሪያ ተብሎ የተሠራው ያ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ 500 ጁል ገደማ ነው። የዛሬ አዳኞች ለደጋ አጋዘን የሚወዱት .300 ዊንቸስተር ማግነም ግን ከ4,500 ጁል ያልፋል። ቀለህ፣ ባሩድና እርሳስ በሁለቱም አለ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ከጥይቱ ስም ይልቅ አዳኙን የሚጎዳው ስለ ዳገት ያለው እምነት ነው። እዚያው ርሖቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ቡና ላይ ወሬው ወደ ተራራ ሲዞር፣ ሰሜን ያደጉ አንድ አባት ይህን ጸሐፊ «ልጄ፣ ሽቅብ ስትተኩስ ጥይቱ ይከብደዋል፤ ስንዝር ከፍ አድርግ። ቁልቁል ሲሆን ዝቅ» ብለው መክረውታል። «አባባ፣ ሁለቱም ላይ ዝቅ ነው» ቢባሉ አልተቀበሉም። ብቻቸውን አይደሉም፤ ውድ መነጽር የታጠቀው የውጭ አገር አዳኝም ይኸንኑ ሲል ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት ጥይትን የምትስበው ምንጊዜም ቀጥ ብላ ወደ ታች ነው። ሜዳ ላይ ሲተኮስ ስበቱ በሙሉ መንገዱን ያጎብጠዋል፤ ጠመንጃውም የሚስተካከለው ይህን ጉብጠት እንዲያካክስ ተደርጎ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ግን ስበቱ ፍጥነቱን ቢቀንሰውም ከመስመሩ አያወጣውም። ዳገትና ቁልቁለት በሁለቱ መካከል ናቸው፤ መንገዱን የሚያጎብጠው የስበቱ ከፊል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሜዳ የተስተካከለ ጠመንጃ ሽቅብም ቁልቁልም ከታለመበት በላይ ይመታል።

በቁጥር ሲታይ፣ አጋዘኑ 300 ሜትር ርቆ በ30 ዲግሪ ዳገት ላይ ቢቆም፣ ለማነጣጠር የሚያገለግለው አግድም ርቀቱ ነው፤ 260 ሜትር ገደማ። ይህን የረሳ ሰው በ.300 ሲተኩስ ወደ 9 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይመታል። በዚህ ላይ «ይከብደዋል» ብሎ ስንዝር ከጨመረ ወይ ጀርባውን ይስታል፣ ወይ ያቆስለዋል። የቆሰለው ኒያላ አስታው ውስጥ ከገባ ፍለጋው አበሳ ነው።

የጥይት ምርጫው የሚመለሰውም ከዚህ ነው። ማግነሙ የሚመረጠው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1906 የተቀበለው .30-06 ባለ 11.7 ግራም እርሳሱን በሴኮንድ 820 ሜትር ገደማ ሲያስወነጭፍ፣ የ1963ቱ .300 ያንኑ እርሳስ 900 ያደርሰዋል። ፈጥኖ የሚደርስ ጥይት ብዙም አይወድቅም፤ የርቀት ግምት ስሕተትንም ያቀላል። በምላሹ ትከሻ ይመታል። ርግጫውን ፈርቶ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው .30-06 ይያዝ፤ ለኒያላው በቂ ነው።

አየሩም አለ። 3,000 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ጥይትን የሚገታው ባነሰ መጠን ነው። ርሖቮትን በመሰለ ዝቅተኛ ሜዳ የተስተካከለ ጠመንጃ እዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመታል። በአውሮፕላን ሲጓጓዝም መነጽሩ ሊነቃነቅ ይችላል። ሆኖም «ቤቴ አስተካክዬዋለሁ» ብለው የአደኑ ሰፈር ላይ ሁለት ጥይት መሞከር የሚሰስቱ አሉ፤ ለፈቃዱና ለጉዞው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍለው ማለት ነው።