ስለ ዝሆኔ በሽታ

እግሩ ያበጠ ሰው ከደጋ ወደ ሞያሌ ሲወርድ፥ ሕመሙ ይተላለፋል ብለን እንሸሸዋለን፤ ልጁንም ለጋብቻ የሚጠይቅ ይታጣል። ይህ ግን ያለ ምስክር የተፈረደ ፍርድ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ መርምረው፥ የቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ እየገባ ደዌውን እንደሚያመጣ ገለጹ። በዚሁ አቈጣጠር በ2013 ደግሞ ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው በ1,315 መንደሮች ሕሙማንን ቈጠሩ። ቍጥሩንም ከምድሩ ከፍታ፥ ከዝናሙና ከአፈሩ ጋራ በሒሳብ አስተያይተው፥ ያልተቈጠረውን አገር በዚያው ገመቱ። ደዌውም ዝናም በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት ደጋና ወይና ደጋ እንደሚጸና ካርታው አሳየ።

እንግዲህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ፥ ከነጋዴውና ከመኪናው ጋራ ወርዶ ደረቁን ቈላ ሁሉ በሞላ ነበር። እርሱ ግን ከአፈሩ ጋራ ቀርቷል።

ተጋላጭነቱ በዘር ቢወረስም፥ ከልጅነቱ ጫማ የተጫማ ይጠበቃል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ወደ ደጋ የሚሄድ ልጃችሁ ባዶ እግሩን አይሂድ። የታመመውም እግሩን በየቀኑ በሳሙና ቢታጠብና ቢጫማ እብጠቱ ይቀልለታል። ጎረቤትም ሳይፈራ ቡናውን አብሮት ይጠጣ።