በፀሐይ የሚገለጡት ክቦች፦ የመኪና ቀለም ለምን ይደበዝዛል፣ እንዴትስ ይጠራል?

መኪናው ተጋጭቶ ጋራዥ ይገባል። የተጨማደደው ቆርቆሮ ይቃናል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይረጫል፣ በፖሊሽ ይታሻል። ጋራዡ ጥላ ውስጥ ሲያዩት እንከን የለውም። ባለቤቱ ተረክቦት ከግቢ ሲወጣና የረፋዱ ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ግን፣ በብርሃኑ ዙሪያ የተጠመጠሙ ስስ ክቦች ብቅ ይላሉ፤ ጥቁር የነበረው ቀለምም በስስ ጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ባለመኪናው ወዲያው የሚጠረጥረው የቀለሙን ጥራት ነው። ጥርጣሬው አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ቀለሙ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ከቀለሙ በላይ ያለ፣ ከፀጉር የሚቀጥን ሽፋን ነው። በዚህ ሽፋን ላይ የሚደረገውን ነገር ያወቀ ሰው ጭጋጉን ማስወገድ ብቻ ሳይሆን ሽፋኑን ከመጨረስም ይድናል።

የሚያበራው የትኛው ነው?

የዛሬ መኪና ቀለም የተደራረቡ ሽፋኖች ውጤት ነው። ብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ፤ በላዩ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙን የሚሰጠው ሽፋን፣ በመጨረሻም ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ሽፋን ይመጣል። ይህን የመጨረሻውን ባለሙያዎች ክሊር ይሉታል። ከፋብሪካ እንደወጣ መኪና ላይ ሁሉም ሽፋኖች ተደምረው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ይሆናሉ፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የክሊሩ ድርሻ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው።

ብርሃን ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ በመጣበት ማዕዘን ልክ ተመልሶ ይሄዳል፤ ስለዚህ በገጹ ላይ የሰማዩና የሕንፃው ምስል ጥርት ብሎ ይታያል። ገጹ ሻካራ ከሆነ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ነገር ግን ሻካራነትን የሚለካው ጣታችን አይደለም። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። በእጅ ሲዳሰስ ልሙጥ የሆነ ገጽ ለብርሃን ኮረኮንች ሊሆን ይችላል።

ክቡ በእርግጥ ክብ ነው?

አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሲመሽ የስልክዎን መብራት ከኮፈኑ በላይ ያብሩና ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ክቦቹ መብራቱን ተከትለው ይሄዳሉ። ጭረቶቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ታዲያ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?

አብዛኞቹ ጭረቶች አጫጭርና ቀጥ ያሉ ሲሆኑ በየአቅጣጫው ተበታትነው ነው የሚገኙት። አንድ ስስ ጭረት ብርሃንን የሚበትነው በርዝመቱ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ጎንና ጎኑ ነው። ስለዚህ በመብራቱ ነጸብራቅ ዙሪያ ካሉት ሺህ ጭረቶች ውስጥ ብርሃናቸው ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ለነጸብራቁ ጎናቸውን የሰጡት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ብርሃኑን ወደ ሌላ ስለሚልኩት አናያቸውም። የሚታዩት ተሰብስበው በነጸብራቁ ዙሪያ ክብ ይሠራሉ። መብራቱ ሲንቀሳቀስ ሌሎች ጭረቶች ተራቸው ይደርሳል።

ይህ በተግባርም ትምህርት አለው። «በክብ አትሹት፣ በቀጥታ ሹት» የሚለው ምክር የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጨርቁ አሸዋ ከያዘ በቀጥታም ቢሄድ በክብም ቢሄድ ይጭራል፣ ጭረቱም ከተደራረበ ክቡ ይመጣል። ጥፋተኛው በጨርቁና በቀለሙ መካከል የገባው ቅንጣት ነው።

ጥቁር መኪና በዚህ ይበልጥ የሚጎዳ የሚመስለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ክሊሩ ፊት ለፊት ከመጣበት ብርሃን የሚመልሰው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከቀሪው አብዛኛውን ጥቁሩ ቀለም ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጭረት የበተነው ትንሽ ብርሃን ጎልቶ ይታያል። ነጭ ቀለም ግን ራሱ ብዙ ብርሃን ስለሚመልስ የጭረቱን ብርሃን ይውጠዋል። ነጩ መኪና ላይ ጭረቱ አለ፤ አልታየም እንጂ።

ሁለት ዓይነት ጭጋግ

የተረጨ ክሊር ሲደርቅ አቧራ ሊይዝ፣ ገጹም ጥቃቅን ሞገድ ሊያወጣ ይችላል። ቀቢው ይህን ለማስተካከል ቁጥሩ 1500 ወይም 2000 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ያሸዋል። የ1500ው ቅንጣት በአማካይ 12.6 ማይክሮን፣ የ2000ው 10.3 ማይክሮን ነው። የሚተዉት ጭረት ለጣት ልስላሴ ነው፤ ለብርሃን ግን ጥልቅ ቦይ ነው። ስለዚህ ገጹ ፈዞ ይቀራል። ከዚያ ይበልጥ ደቃቅ በሆነ ማሻሻ፣ በአብዛኛው በአልሙኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ይታሻል። አልሙኒየም ኦክሳይድ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 9ኛ ነው፤ ከሱ በላይ 10ኛ ላይ ያለው አልማዝ ነው።

አይዛክ ኒውተን በ1704 ባሳተመው የኦፕቲክስ መጽሐፉ የመስታወት ማለስለስን ሲያብራራ፣ የሚያሸው ዱቄት ጭረትን እንደማያጠፋ፣ ጭረቱን እያሳነሰ ዓይን ወደማያየው መጠን እንደሚያወርደው ጽፏል። የመኪና ፖሊሽም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የቀደመውን ትልቅ ጭረት በትንሽ ጭረት ይተካል። አንድ ደረጃ ከተዘለለ፣ ወይም ሥራው በሻካራው ላይ ከቆመ ጭጋጉ ይቀራል። በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ የሚዞረው ማሽን በጠንካራ የሱፍ ፓድ ሲታሽበት የሚተወው ረጃጅም የቅስት ዱካም ከዚሁ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጭጋግ የሚመጣው ከውስጥ ነው። ክሊር ከሃርድነር ጋር ተደባልቆ በኬሚካዊ ምላሽ ይጠነክራል፤ በዚያው ጊዜም ማቅጠኛው ቲነር ይተናል። ሽፋኑ በአንዴ ከወፈረ፣ ወይም የመጀመሪያው ሳይተን ሁለተኛው ከተደረበ፣ ቲነሩ ውስጥ ይታሰራል። ከዚያ በቀናትና በሳምንታት ቀስ እያለ ሲወጣ ሽፋኑ ይሰበሰባል፤ ከሥር ያለው የስቱኮና የፕራይመር ጭረት ላይኛው ገጽ ላይ ይወጣል፣ ማብረቁም ይወርዳል። ርክክብ ቀን አንጸባርቆ በወሩ የሚደበዝዝ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። የተሟላ መሣሪያ ያለው ጋራዥ የተቀባውን ክፍል ብረቱ እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ ለ30 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ያደርጋል። ይህ ከሌለ ማድረቁ በአየሩ ላይ ይወድቃል፤ በክረምት ብርድ ደግሞ ምላሹ ይዘገያል። ሳይደርቅ የታሸ ክሊር ጭጋጉ መመለሱ አይቀርም።

እዚህ ላይ የሠራተኛው ሳንባ ሊረሳ አይገባም። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሙያ አስም ያስከትላል፤ አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ አያግደውም።

አሠራሩ

መጀመሪያ መኪናው በደንብ ይታጠባል፤ አቧራ ላይ የሚዞር ማሽን ጭረት ይጨምራል። ቀለም የሚሳሳባቸው ጠርዞችና የቦዲ መስመሮች በፕላስተር ይሸፈናሉ። ከዚያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በምትሆን ቦታ ላይ በጣም ለስላሳው ፓድና ደቃቁ ፖሊሽ ይሞከራል። ከጠራ ሥራው በዚያው ይቀጥላል። ካልጠራ አንድ ደረጃ ወደ ሻካራው ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ደቃቁ ይመለሳል። ለመጨረሻው ደረጃ የሚመረጠው እየዞረ ዘንጉም የሚወዛወዝ ማሽን ነው፤ አንድ ቅንጣት በአንድ መስመር ተደጋግሞ ስለማይሄድ የቅስት ዱካ አይተውም። ፓዱ በየመሀሉ ይጸዳል። አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ በተለይ የፕላስቲክ ፓራውልት ሙቀትን እንደ ብረት ስለማያስተላልፍ ቶሎ ይቃጠላል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርምጃ አለ፤ ገጹን በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ። የወንዝ ድንጋይ ሲረጥብ ቀለሙ እንደሚደምቅ ሁሉ፣ በፖሊሽ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቶቹን ሞልቶ ብርሃን እንዳይበትኑ ያደርጋል። የክሊሩና የዘይቱ ብርሃን የማጠፍ አቅም ይቀራረባልና ዓይን ጭረቱን ያጣዋል። ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ግን ዘይቱ ይሄዳል፣ ክቡም ይመለሳል። በአልኮል ተጠርጎ በመብራት የታየ ገጽ እውነቱን ይናገራል።

የማይመለሰው

ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ክሊሩ ይቀንሳል። ክሊሩ ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚውጡ ውሁዶች ያሉበት የቀለሙ ጋሻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ይህ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለምትገኘው አዲስ አበባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ የተላጠ ማይክሮን ዝቅ ባለ አገር ከተላጠው ይልቅ ዋጋ አለው። ክሊሩ ካለቀ ማንኛውም ፖሊሽ አይመልሰውም፤ እንደገና መቀባት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መምረጥ ይበጃል። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረትም እስከ ሥሩ አይባረርም፤ ጠርዙ ለስልሶ ትንሽ ምልክት ቢቀር ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥንቃቄ የባለቤቱ ነው። በመንገድ አቧራ ውስጥ የሞስ ጥንካሬው 7 የሆነ ኳርትዝ አለ፤ ከክሊር እጅግ ይጠነክራል። በደረቅ ጨርቅ አቧራ ማራገፍ ወይም በአንድ ባልዲ ቆሻሻ ውሃ ማጠብ ጭረቱን ዳግም ይጋብዛል። መጀመሪያ ብዙ ውሃ ይፍሰስበት፤ ጨርቁም በሌላ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። አዲስ ቀለም ላይ ሰም ለመቀባት የቀለም አምራቾች እንደየምርቱ ከ30 እስከ 90 ቀን መጠበቅን ይመክራሉ፤ የቀረው ቲነር መውጫ ይፈልጋልና።

ለጋራዥ ሰዎች ሁሉንም ጥፋት መስጠት ትክክል አይሆንም። «ነገ ይድረስልኝ» ብሎ የሚያጣድፍ ደንበኛ ክሊሩ የሚደርቅበትን ጊዜ እየነጠቀ ነው። ጊዜ የተሰጠው ቀቢ ደረጃ አይዘልም፣ በዘይትም አይሸፍንም። ለቀናት መታገስ ከመኪናው ጋር ለዓመታት የሚቆዩ ማይክሮኖችን ያተርፋል፤ ከማንኛውም ውድ ፖሊሽ በፊት መግዛት ያለብን ይህን ጊዜ ነው።